ያው ቀሚስ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሦስተኛ ክፍል፣ ማካፈል። ግማሾቹ ልጆች ማሽላ አጨዳ ላይ ናቸው፣ የመጡት ደግሞ ያንቀላፋሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም ሰሌዳው ላይ ተደግፌ ነው የዋልኩት።

ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። የቆቦ አቧራ መስኮት ቢዘጉበት በበር፣ በር ቢዘጉበት በጣሪያ ነው የሚገባው። ቤት ገብቼ ጋዎኔን አራገፍኩ። ከሥሩ ምን ለብሼ እንደዋልኩ ያየሁት ያኔ ነው። ቡናማው ቀሚስ… ትናንትም እሱ ነበር መሰለኝ። ጠዋት እጄ የነካውን አወጣለሁ፣ ጋዎን እደርብበታለሁ፣ እወጣለሁ። ታሂር ከፈታኝ ወዲህ እንዲሁ ነው። ሦስት ዓመት።

እራት አልሠራሁም። ዳቦ በሻይ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ፈሪሀ ከዋጃ ደወለች። ታናሽ እህቴ። ከ«አሰላሙ አለይኩም» በፊት ሳቋ ነው የደረሰኝ።

«እትዬ፣ የኒካው ቀን ተቆረጠ። ጥር አሥራ ሰባት። ከረመዳን በፊት ይለቅ ብለው።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ከልቤ ነው። ሙሽራው ዒምራን ጥሩ ልጅ ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ አፉ ቁጥብ ነው። ግን የታሂር የወንድም ልጅ ነው። የተዋወቁትም በእኔ ሰርግ ነው፣ ልጆች ሆነው።

ታሂር ይመጣል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አጎት እንዴት ይቀራል? ሚስቱም ትመጣለች። ራዊያ። የአላማጣ ልጅ ነች ይላሉ። አይቻት አላውቅም። አርግዛለች ብለውኛል… ሳልጠይቅ ነው የነገሩኝ።

«የምታለብሺኝ አንቺ ነሽ» አለች ፈሪሀ። በኛ ወግ ሙሽራ የምታለብሰው እናት ናት፣ እናት ከሌለች ታላቅ እህት። እናታችን የለችም።

«እሺ» አልኳት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

አክስቴ ውዱ ደወሉ። የአባቴ እህት ናቸው፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ፈሪሀን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሰርጉም አዛዥ እሳቸው።

ከአላማጣ ጨርቅ አስመጥተዋል። ሰማያዊ፣ የሚያብለጨልጭ። እህቶች፣ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ያሰፋሉ። ልኬን ለመናገር አፌን ስከፍት፣ «ላንቺ አልበቃም ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ ጓዳ ገብተሽ የሙሽራዋን ዕቃ ትጠብቂያለሽ እንጂ ደጅ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማልበሱንስ?»

ዶሮ ሲጮህ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

«እሱን ኢቅራ ታድርገው ተብሏል። ወልዳለች፣ ትዳሯም የሰመረ ነው። ለገዱ ነው። ሰዎቹ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ብለው ነው።»

ኢቅራ የእሳቸው ልጅ ናት፣ ጎብዬ ከተማ ያገባችው። «ሰዎቹ» እነማን ናቸው? አልጠየቅኩም። «እሺ አክስቴ» አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ? ሰው ደክሞት እሺ ይላል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

አልሄድም። አሞኛል እላለሁ።

ለፍሬሰላም ነገርኳት። አንድ ግቢ ነን፣ አንድ ትምህርት ቤት ነን፣ እሷ አምስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ልብሷን በገመድ ላይ እያሰጣች አዳመጠችኝ።

«ፈሪሀስ ምን ትላለች?»

«ገና አልነገርኳትም።»

«የምትቀሪው በአክስትሽ ነው በቀድሞው ባልሽ?»

«የምለብሰውም የለኝ።»

«እሱን እንኳ ተይው። ቁምሳጥንሽን አሳዪኝ።»

አላሳየሁም። ደክሞኛል አልኳት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ፍሬሰላም ሳትጠራ መጣች። ቁምሳጥኑን ከፈተችና ያለኝን ሁሉ አልጋ ላይ ደረደረችው። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁ። የሰው ዕቃ መሰለኝ።

ቡናማው ቀሚስ። ጥቁሩ አባያ፣ ክርኑ የሳሳ። ግራጫ ጃኬት፣ ሁለት ቁልፍ የጎደለው። ሁለት ጉርድ። የተጨማደደ የሻርፕ ክምር። የአባቴ ሽርጥ፣ አረንጓዴና ነጭ ዳማ። የእናቴ ጨሌ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። እና ከታች፣ ተጣጥፎ… የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ።

«ይሄስ?» አለች ፍሬሰላም።

«እሱን ተይው።»

«ለምን? ጨርቁ እንደ አዲስ ነው።»

«ተይው አልኩ።»

አልተወችውም፣ ግን አልጠየቀችኝም። ወደ ጎን አደረገችው።

ፍሬሰላም ሁልጊዜ የተዋበች ናት። እኔ ልብሷ ብዙ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስጠይቃት ሳቀች። «ሦስት ቀሚስ ነው ያለኝ። ሰው የሚያየው ቀሚሱን አይደለም። አንገቴ ላይ ያለውን፣ ወገቤ ላይ ያለውን ነው። እሱን እለዋውጣለሁ።» ቀጥላ፣ «አንቺ ልብስ የለሽም አይባልም። ጨርሶ አላየሽውም እንጂ።»

የጃኬቱን ቁልፎች በሙሉ ቆርጣ ጣለች። ከአሮጌ ካፖርቷ ትልልቅ ጥቁር ቁልፎች አምጥታ እንድተክል ሰጠችኝ። የአባያውን እጅጌ ከክርኑ በላይ አሳጥረን የተረፈውን ጫፉ ላይ አጠፍነው፣ ከሥሩ ነጭ እጅጌ ያለው ሹራብ እንዲለበስ። ቡናማው ላይ ቀበቶ። ስሰፋ አመሸሁ፣ ዓይኔ ደከመ። ግን ይሄኛው ድካም… ሌላ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ግራጫውን ጃኬት ለበስኩ፣ ጋዎኑን ክንዴ ላይ ይዤ ገባሁ። መምህር ደጀን በር ላይ አገኘኝ።

«አዲስ ጃኬት ነው መምህርት?»

«ቁልፉ ነው አዲስ።»

«አይ፣ ጃኬቱ ነው እንጂ።»

ተውኩት። አንዲት ልጅ፣ ከፊት የምትቀመጠው፣ ሂሳብ እየሠራች እጇን አወጣች። ጥያቄ ያላት መስሎኝ ነበር። «ቲቸር፣ ዛሬ ያምራሉ» ብላ ቁጭ አለች። ወደ ማካፈሉ ተመለስን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወሬ አለ። «ዚነት ባል መጥቶላታል» ነው የሚሉት፣ ስለ እኔ። ጃኬት ሲለበስ ባል፣ ቀበቶ ሲታሰር ባል። ሰው ለራሱ መልበስ አይችልም?

ነገ ጋዎኑን እስከ አንገቴ ድረስ እቆልፈዋለሁ። መልስ ከመስጠት እሱ ይቀላል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ፍሬሰላም ዘንድ ዋልኩ። ነጩን የሀገር ልብሷን ለብሳለች፣ በየዓመቱ እሱን ነው። አምና ጥለቱን የሚመስል ቀይ መቀነት ነበር፣ ዘንድሮ አረንጓዴ ሻርፕ ከትከሻ ወደ ወገብ አጣፍታ በጎን ቋጥራዋለች። እንግዶቿ «ይመችሽ፣ አዲስ ነው?» ሲሉ ሰማሁ። እሷ «አዎ» ትላለች፣ እኔን በዓይኗ ትጠቅሰኛለች።

ለእኔ ለብቻዬ ሥጋ የሌለበት አሠርታ ነው ያቀረበችልኝ። ሳልነግራት የምታውቀው ነገር ብዙ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ፈተና እርማት። የተከመረ ወረቀት። ዛሬ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ፈሪሀ ደወለች። ዛሬ ሳቅ የለም።

«ጓዳ እጠብቃለሁ ብለሻል አሉ። እውነት ነው?»

«አክስቴ ለገዱ ነው ስላሉ…»

«እሷ ያለችውን አልጠየቅኩሽም። አንቺ እሺ ብለሻል?»

«ደክሞኝ ነው ፈሪሀ።»

«ሁልጊዜ ደክሞሽ ነው» አለችኝ። «ሲፈታሽም ደክሞኛል ብለሽ አልተናገርሽም። ሲያወሩብሽም ደክሞሻል። ለእኔም ይድከምሽ?»

ስልኩ ተዘጋ። እሷ ናት የዘጋችው ወይስ እኔ? እንጃ።

ሲመሽ የወይን ጠጁን ቀሚስ አወጣሁት። ለበስኩት። ወገቡ ሰፍቶኛል። የአባቴን ሽርጥ አጥፌ እንደ ፍሬሰላም በትከሻዬ አውርጄ ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት፣ የሰፋው ጠፋ። የእናቴን ጨሌ በጥቁር ሻሽ ላይ ግንባሬን አዙሬ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። በሯን አንኳኳሁና ፍሬሰላምን ጠራኋት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ሂጂ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ሰኞ፣ ጥር 18

ትናንት ሰርጉ ነበር። ዛሬ ፈቃድ ወስጃለሁ። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

በጠዋት ሚኒባስ ዋጃ ደረስኩ። ዳሱ ሙሉ ነው፣ ግቢው ሰማያዊ ነው፣ ሴቱ ሁሉ ያበራል። እኔ ስገባ ወሬው ትንሽ ቀዘቀዘ። አክስቴ ውዱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አዲስ አሰፋሽ እንዴ?»

«አሮጌ ነው አክስቴ።»

«አይመስልም» አሉ። ቆጫቸው ወይስ ወደዱት፣ አልለየሁም። «በይ ሻንጣዎቹ ጓዳ ናቸው።»

ገባሁ። ተቀመጥኩ። ፈሪሀ በሌላኛው ክፍል ነበረች፣ በሴት ተከባለች፣ ሳልደርስባት ነው የላኩኝ። እዚህ ድረስ መጥቼ ያው ጓዳ… ድቤው ሲመታ ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ገባች። ሆዷ ገፍቷል፣ መውለጃ ወሯ ሳይሆን አይቀርም። አንድ እጇን ከኋላዋ አድርጋ ቀሚሷን ይዛለች። ላብ አጥምቋታል።

«እህቴ፣ በአላህ፣ መርፌ ቁልፍ ይኖርሻል? ዚፑ ተበጠሰብኝ።»

አዞርኳት። ዚፑ ከላይ እስከ ታች ተከፍቷል፣ ጀርባዋ ይታያል። ጨርቁ ተወጥሮ የሚገጥም አይደለም። ሁለት መርፌ ቁልፍ ሞከርኩ፣ ሁለቱም ተፈናጠሩ።

«የማን ወገን ነሽ?» አልኳት፣ ለወሬ ያህል።

«የሙሽራው። የአጎቱ የታሂር ባለቤት ነኝ።»

እጄ ጀርባዋ ላይ ቀረ።

«አንቺስ?»

«የሙሽራዋ እህት።»

ማን እንደሆንኩ እንደገባት ከትከሻዋ አወቅኩት፣ ደረቀ። ልትሄድ ነበር። እንዴት ትሄዳለች፣ ጀርባዋ ክፍት ነው። ከሻንጣው ጠርዝ ተቀመጠችና ፊቷን ሸፈነች።

«ቀሚሱ የእኔ አይደለም» አለች። «የእህቱ ነው። ለሰርግ የሚሆን አልነበረኝም፣ ከወለድሽ በኋላ ይገዛል አለኝ። አልመጣም ብል ደግሞ… ሰው ምን ይላል ይላል።» ከዚያ በቀስታ፣ «ደክሞኛል ወላሂ» አለች።

ያቺ ቃል የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

ምን አሰብኩ? ብዙ ነገር ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ያልወለድኩትን ልጅ የተሸከመች ሴት ናት። ስንት ሌሊት ረግሜያታለሁ፣ መልኳን ሳላውቅ። ያን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም መሰለኝ። የአባቴን ሽርጥ ከወገቤ ፈታሁት። ከትከሻዋ አውርጄ ጀርባዋን በሙሉ አለበስኩት፣ ከሆዷ በላይ አዙሬ በጎን ቋጠርኩት። ሆን ብላ የለበሰችው መሰለ።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«ለእኔ ቀሚሱ ይበቃል። አብሽሪ።»

እጄን ይዛ ቆየች። ከዚያ ወጣች።

ወዲያው ኢቅራ መጣች፣ የአክስቴ ልጅ። ሰማያዊ ለብሳለች፣ ፊቷ ግን ገርጥቷል። «ነይ» አለችኝ። «ፈሪሀ እምቢ ብላለች። አንቺ ካልመጣሽ አልነሣም ብላ ተቀምጣለች። እኔም እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።» ሰርግ አስደንግጧት ነው መሰለኝ።

ሄድኩ። አክስቴ ውዱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«የሙሽራው ሰዎች እየደረሱ ነው» አሉ። «ገዱን…»

ፈሪሀ ከውስጥ፣ «አክስቴ፣ የእኔ ገድ እሷ ናት። አሳልፊያት» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

አክስቴ ከበሩ ራቅ አሉ።

እህቴን አለበስኳት። ዓይነ ርግቡ ከፀጉሯ እየተንሸራተተ አስቸገረ፣ ለስላሳ ነው። የእናታችንን ጨሌ ከሻሼ ላይ ነቀልኩና ግንባሯን አዙሬ አሰርኩት፣ ዓይነ ርግቡን ያዘው። ፈሪሀ በመስታወት አየችው። አለቀሰች፣ ኩሏን አበላሸች፣ ደግሜ ኳልኳት።

ይዣት ስወጣ ላዬ ላይ አንድም ጌጥ አልነበረም። ያው ቀሚስ፣ ያው ጥቁር ሻሽ። ታሂር ከወንዶቹ መሃል ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ቀሚሴን አየ። ቀጥሎ ሚስቱን፣ ሽርጡን። ሽርጡን ያውቀዋል፣ አባቴ ሲለብሰው ኖሯል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለ። አንገቱን ደፋ።

አለፍኩ። ስፈራው የኖርኩት ይሄንን ነው? ይሄ ብቻ?

እግሬ አብጧል። ተኝቼ ልዋል።

ሰኞ፣ ጥር 25

አዲስ መንፈቅ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ባሌ ማውራት ትተዋል። ባል አልመጣማ። አንዷ መምህርት ግን በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «የአባያሽን እጅጌ ማን ነው እንዲያ ያደረገልሽ?» አለችኝ። እኔው ነኝ አልኳት። ለእሷም አሳየኋት።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ ውዱ ግቢው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን። ሳይደውሉ።

«ምነው አክስቴ? ፈሪሀ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ፈሪሀ ደህና ናት።»

አስገባኋቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ያዙት እንጂ አልጠጡትም።

«ኢቅራ ተፈታች» አሉ። «ከሰርጉ በፊት ነው ለካ ነገሩ። ሰርጉ እንዳይበላሽ ብላ ደብቃን፣ ሲያልቅ ልጇን ይዛ መጣች።»

ምን ይባላል? እጇ አልታዘዝ ያላት ለካ… እኔ ደግሞ ሰርግ ነው ብዬ።

«ከክፍሏ አትወጣም» አሉ። «ውሃ ቅጂ ብላት አትወጣም። ሰው አየኝ ብላ ነው። እኔ የምላት አጣሁ። እኔ የማውቀው…» ፊት ለፊት አላዩኝም። «ነይና አልብሻት ልጄ። ከቤት አውጫት።»

ይቅርታ አላሉም። ያሉት እሱን ነው። እኔም የሚመለስ ነገር ፈለግኩ፣ ከአፌ ደረሰ። «ለገዱ ሌላ ሰው አይሻልም?» ልል ነበር። ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብዬ አስቀመጥኩት።

«እሑድ እመጣለሁ» አልኳቸው።

እሑድ፣ የካቲት 1

ዋጃ ሄጄ ተመለስኩ።

ኢቅራ ግድግዳውን አይታ ተኝታለች፣ ሕፃኑ ከጎኗ ጣራ ጣራ ያያል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ከሚያወሩ ሰዎች አይደለሁም።

«እናቴ ናት የላከችሽ» አለች፣ ሳትዞር።

«አዎ።»

«ልብስ ልታለብሺኝ።»

«ከፈለግሽ።»

«አልፈልግም። አንድ የራሴ ክር የለኝም። ያለው ሁሉ እሱ የገዛው ነው። እዪው፣ ሻንጣው ያው። ስነካው ይቀፈኛል።»

ከዚህ በፊት ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እዚህ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር። የወይን ጠጁን ቀሚስ ለብሼ ነበር የሄድኩት።

«ይሄን ማን የገዛው ይመስልሻል?»

የቀሚሴን ጫፍ አልጋው ላይ ዘረጋሁት።

«ታሂር ነው። የመጀመሪያው ዒዳችን ላይ። ሦስት ዓመት ከቁምሳጥኑ ሥር ቀብሬው ነበር።»

ዞረች። ቀሚሱን አየች፣ ጨርቁን በጣቷ ያዝ አደረገችው።

«በፈሪሀ ሰርግ የለበስሽው? እሱ ባለበት?»

«እሱ ባለበት።»

«አልቀፈፈሽም?»

«መጀመሪያ ላይ። በኋላ እግሬን ሲያመኝ ረሳሁት።»

ሳቀች ልበል? እንደ ሳቅ ያለ ነገር ነበር። ተነሥታ ተቀመጠች። ሻንጣውን ራሷ ነው የከፈተችው። አንድ ቢጫ ጉርድ አወጣች፣ መለሰችው፣ ጥቁር አወጣች። የእናቷን ሰፊ ነጭ ሸሚዝ ከምስማር ላይ አወረድኩና እጅጌውን ጠቅልዬ ጫፉን ወገቧ ላይ ቋጠርኩላት። ሻርፑን እሷ በራሷ መንገድ አደረገችው፣ ከእኔ ይሻላል።

«አሁን የት ልሄድ ነው?» አለች።

«ዳቦ እንግዛ።»

«ዳቦ አለ እኮ።»

«ይጨመራል።»

ሕፃኑን እኔ አዘልኩት። ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው። አክስቴ ውዱ ግቢው ውስጥ ማሽላ ያበጥራሉ፣ ስንወጣ ቀና አላሉም፣ ወንፊቱ ግን ቆመ። አስፋልቱን ተሻገርን። ኢቅራ ክንዴን አጥብቃ ይዛለች። ዳቦ ቤቱ ጋ አንዲት ጎረቤት አገኘችን።

«ኢቅራ፣ የት ጠፍተሽ ነው?»

ክንዴን ለቀቀችው። «እዚሁ ነኝ» አለች፣ «እዚሁ እናቴ ጋ።»

ዳቦውን ገዝተን በረጅሙ መንገድ ተመለስን። በረጅሙ እንሂድ ያለችው እሷ ናት።